«የት ተጽፏል?»

መነጽር ሠሪውን ጓደኞቹ «አንቀጽ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ፋርማሲስቷ ናት። አንድ እሁድ ከሰዓት በጨዋታ መሀል «በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት የተኛ ሰው በር አይከፍትም» ብሎ ድርቅ ሲልባት፣ «አንተ ሰውዬ፣ እናትህ የወለደችህ በአንቀጽ ነው እንዴ?» አለችው። በቃ፣ ተለጠፈበት። እሱም አልከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም።

ሱቁ ጠባብ ነው። ከፊት የመነጽር ክፈፎች የተደረደሩበት ባለመስታወት ሣጥን አለ፤ ከኋላው ሌንስ የሚሞረድበት ማሽን፣ ከማሽኑ ሥር ውሃ የሚንጠባጠብባት ባልዲ። ሌንስ ሲሞረድ ውሃ ካላገኘ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የሰውዬው ጣቶች ከጠዋት እስከ ማታ እርጥብ ናቸው። ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ ወደ ብርሃን እያነሳ፣ መልሶ እየሞረደ ይውላል። ጥቂት ከበዛ ክፈፉ ውስጥ አይገባም፣ ጥቂት ካነሰ ይወድቃል። «ግድ የለም፣ ይሁን» የሚባል ነገር በዚህ ሥራ የለም፤ በሰውዬውም ዘንድ የለም።

ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች። ክብ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ወደ ጓሮ የሚያይ አንድ መስኮት። ከወንበሮቹ የአንዱ እግር ስለሚያጥር ካርቶን ታጥፎ ተደርጎለታል። እዚያች ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከሰዓት ይገናኙ ነበር። የጎረቤቱ ፎቶ አንሺ አንድ ቀን በበሩ አጮልቆ፣ ትልልቅ ሰዎች ዘንዶ ሲያስነጥስ እሳት ይወጣዋል አይወጣውም እያሉ ሲጨቃጨቁ ሰማና «ጤና ይስጣቸው» ብሎ ሄደ። ያ ክርክር ሦስት እሁድ እንደፈጀ ቢነግሩት ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ይተርካል፤ ሌሎቹ በሚተረከው አገር ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪዋ «ከፊትህ ገደል አለ፣ ምን ታደርጋለህ?» ትላለች። «እዘላለሁ» ትላለህ። ዳይስ የሚባለውን፣ በሃያ ገጹ ቁጥር የተጻፈበትን ጠጠር ትጥላለህ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ተሻገርክ፣ ዝቅ ካለ የራስህ ጉዳይ ነው። ተራኪዋ የአንቀጽ ታናሽ እህት ናት፤ ሥራዋ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪነት ነው። ሰባት በር የሚባለውን አገር ከነተራራው፣ ከነወንዙ፣ ከነክፉ ነገሥታቱ ከራሷ ጭንቅላት ያወጣችው እሷ ናት። ፋርማሲስቷ ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒት ስትመጥን ሰንብታ እሁድ ሲደርስ ሌባ ትሆናለች። አራተኛው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እሱ ደግሞ በጨዋታው ጀልባ ቀዛፊ ነው። «አንተ፣ ሥራው አልበቃ ብሎህ ነው?» ሲሉት «እዚህ እንኳ ተሳፋሪ አይጮህብኝም» ይላል። አንቀጽ ራሱ አስማተኛ ነው፤ ግን ይህ ነው የሚባል አስማት ሠርቶ አያውቅም። ጊዜው ሕግ በማስረዳት ያልቃል።

ሕጉን የሚጽፈው እሱ ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በጠረጴዛው ላይ ተራኪዋ ያለችውና ተጫዋቾች ያሉት ሁሉ በደብተር ይግባ፣ የገባም ይጽና ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ማንም አልተቃወመውም። አሁን ደብተሮቹ ዘጠኝ ደርሰዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል፣ ደብተሮቹን እንደ ሙሽራ እቃ እየጠረገ። ፋርማሲስቷ መልስ አታጣም፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትለዋለች።

ሰው ግን ዝም ብሎ እንዲህ አይሆንም። አባታቸው ትናንት የፈቀደውን ዛሬ የሚገርፍበት ሰው ነበር። «ሂድ ተጫወት» ብሎ ይልከውና፣ ልጁ አቧራ ለብሶ ሲመለስ «ማን ፈቀደልህ?» እያለ ቀበቶውን ይፈታል። «አንተ ነህ እኮ» ሲለው «እኔ? መቼ?» ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። አሥር ዓመት ሲሞላው ልጁ አንድ ዘዴ መጣለት። የተፈቀደለትን በወረቀት ጻፈና «አባዬ፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» አለው። የዚያን ቀን የወረደበትን ዱላ እህቱ ዛሬም ድረስ አልረሳችውም። ለዚህ ነው ሌሎቹ በደብተሮቹ ሲስቁ እሷ የማትስቀው።

ሾፌሩ ሴት ልጅ ነበረችው። ሚስቱ እሁድ ሥራ ስለምትገባ ልጅቷን ይዟት ይመጣ ነበር። ስምንት ዓመቷ ነው፣ መስኮቱ ሥር ባለች ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ ትቀመጣለች ማለት ይከብዳል እንጂ። ትነሳለች፣ ዳይስ ትነካለች፣ አባቷ ጭን ላይ ትወጣለች፣ «ጋሼ አንቀጽ፣ ዘንዶው ስንት ጥርስ አለው?» ትላለች። አባቷ «ቁጭ በይ» ይላታል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቁጭ በይ አልኩ እኮ» ይላታል። ተራኪዋ ልጅ ሲከፋው ማየት አትችልም፤ አንድ ቀን «በወንዙ ራስ ላይ ያለችው ከተማ ስም የላትም፤ እስኪ አንቺ አውጪላት» አለቻት። ልጅቷ አባቷን በጎን አየት አደረገችና «ቁጭ በይ» አለች። ሳቁ ከሱቁ አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። ተራኪዋም «ከዛሬ ጀምሮ ከተማዋ ቁጭ በይ ትባላለች» ብላ ስላወጀች አንቀጽ ጻፈው። ከዚያ ልጅቷ «በዚያች ከተማ መብራት የማበራው እኔ ነኝ» አለች። ብዙ እሁድ፣ ትልልቆቹ ሲዋጉ፣ እሷ በመስኮቱ መስታወት ላይ በጣቷ እየነካካች መብራቶቿን ታበራ ነበር።

አምና ልጅቷ ሞተች። ትኩሳት ነው፤ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ሐኪሞቹ ረጅም ስም ነገሯቸው፤ ስሙን ሾፌሩ ዛሬም ቢጠይቁት አይደግመውም። ጓደኞቹ ቀበሩለት፣ ቤቱ ሄደው ተቀመጡለት። አንቀጽ ምን እንደሚባል አያውቅበትም፤ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጥና የሾፌሩን መነጽር ተቀብሎ በመሐረቡ እየወለወለ ይመልስለታል፣ ደግሞ ይቀበለዋል። ከሁለት ወር በኋላ ሾፌሩ አንድ እሁድ ሳይጠራ መጣና ቦታው ላይ ተቀመጠ። ተራኪዋ ካቆመችበት ቀጠለች።

እንግዲህ የዚያ እሁድ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በጨዋታው ክረምት ገብቷል፤ ጓደኛሞቹ ድልድይ ላይ በጠላት ተከበዋል። ሾፌሩ ካርታውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ «እኔ ጀልባዬን ይዤ ቁጭ በይ ደርሼ ልምጣ» አለ።

«አሁን?» አለች ፋርማሲስቷ። «እኛን እዚህ አስከብበህ?»

«ትንሽ ጉዳይ አለኝ። ቶሎ እመለሳለሁ።»

ተራኪዋ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ «እሺ» አለች። «ጀልባህን ፈተህ ትነሳለህ። ሲመሻሽ ከተማዋ ጋ ትደርሳለህ፤ መብራቶቹ...»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለ አንቀጽ።

እውነቱን ለመናገር ምንም አላሰበም። የከተማዋን ስም ማን እንዳወጣው እንኳ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለውም፤ ለእሱ ቁጭ በይ በደብተር ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ነበረች። «ቁጭ በይ ያለችው የወንዙ ራስ ላይ ነው» አለ። «ሽቅብ ነው እኮ። በዚያ ወንዝ ሽቅብ የሚሄድ ጀልባ የለም። ደብተር ሦስት፣ ገጽ አርባ። እኔ ራሴ እስረኛ ሆኜ ላመልጥ ስል ተከልክዬ፣ ሁለት ወር ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ይለፍ» አለች እህቱ።

«ለምን ይለፍ? ለእኔ እምቢ ያለ ወንዝ ለሱ እንዴት እሺ ይላል?»

ሾፌሩ ዳይሱን በመዳፉ ውስጥ ያገላብጥ ነበር። «አንድ ጊዜ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ወንዙ በክረምት ወደ ላይ ይመለሳል ተብሎ ነበር።»

«ማን አለ?»

ሾፌሩ ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እሺ፣ የት ተጽፏል?»

አንቀጽ ደብተሮቹን አወረደ። አንድ በአንድ ገለጠ፣ ጣቱን በምራቁ እያራሰ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሦስት ሰዎች አንድ ሰው ሲያነብ አዩ። በመጨረሻ ዘጠነኛውን ደብተር ጥርቅም አድርጎ ዘጋና «የለም» አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ክርክር የረታ ሰው ድምፅ ነበር።

«እሺ» አለ ሾፌሩ። «ጀልባው ይመለስ።»

ተራኪዋ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሾፌሩ ጨዋታው ሳያልቅ ኮፍያውን አነሳ፣ «ነገ ማለዳ እገባለሁ» ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም አልመጣም። አንቀጽ «ፈረቃው ተቀይሮ ይሆናል» አለ፤ ፋርማሲስቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ታያለች፣ እህቱም ዳይሶቹን በጥቁር ከረጢት ትሰበስባለች።

በአራተኛው ሳምንት፣ በሥራ ቀን፣ እህቱ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ መጣች። እሱ ሌንስ እየሞረደ ነበር።

«ጋሼ፣ ማሽኑን አጥፋው» አለችው። አጠፋው። «ሾፌሩ ከእንግዲህ አይመጣም። ያን ቀን ልጁን ሊያገኛት ነበር።»

«የቷን ልጁን?»

«ስንት ልጅ ነበረው?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «መብራት የምታበራዋን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤቴ በር ላይ እየመጣ፣ ሰላም ብሎኝ ሳይናገር ሲመለስ ነበር። በመጨረሻ ተናገረ። ‹እሷን ሆነሽ አውሪ አልልሽም፤ ከተማዋ ልድረስና መብራት የምታበራ አንዲት ልጅ አለች በይኝ፣ አንድ ነገር ልንገራት፣ ከዚያ እመለሳለሁ› ነው ያለኝ።»

አንቀጽ እርጥብ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ፤ ደርቆም መጥረጉን አልተወም። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ደግሞስ ቢሆን፣ ተራኪዋ እኔ አይደለሁ? ‹ጀልባው ይሄዳል፣ አለቀ› ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? አንተ ደብተር መግለጥ ስትጀምር ግን አፌ ይያዛል። ምን ላድርግ፣ ልጅ ሆነን የሆነውን አውቃለሁ፣ አንጀቴን ትበላኛለህ።»

እሷ ስትሄድ ሱቁን ዘጋ። የጀመረውን ሌንስ ማሽኑ ላይ ትቶ ደብተሮቹን ክቡ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈ። ራሱን መስደብ አልጀመረም፤ እሱ ስድብ አያውቅበትም። ያወቀበት አንድ ነገር ቢኖር መፈለግ ነው። ሾፌሩ ተብሏል ካለ ተብሏል፤ የተባለ ነገር ደግሞ የሆነ ቦታ መኖር አለበት። ደንበኞች በሩን እያንኳኩ ሲመለሱ ሦስት ቀን ፈለገ።

አገኘው። አምስተኛው ደብተር፣ የኋላ ሽፋኑ ውስጥ፣ «ውድቅ የተደረጉ» የሚል ርዕስ ሥር፣ በእርሳስ። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ልጅቷ፦ ወንዙ በክረምት ይደክመውና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተራኪዋ በራሷ ነቅንቃለች፤ በቃሏ ግን አልደገመችውም። ልጅቷም ተጫዋች ስላልሆነች አልተመዘገበም።» አልተመዘገበም ብሎ መዝግቦታል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። መስመሩን ሦስቴ አነበበና ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ደብተሩን በብብቱ ይዞ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ሄደ። ሾፌሩ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ፣ መሪው ጋ ተቀምጦ ምሳውን ይበላ ነበር። ግቢው የናፍጣና የታጠበ ጎማ ሽታ አለው፤ ወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች መስታወት ያጥባሉ።

«አገኘሁት» አለ አንቀጽ፣ ሰላም እንኳ ሳይል፣ በአውቶቡሱ የፊት በር እየገባ። ደብተሩን ገልጦ መሪው ላይ አኖረለት። «ተብሏል። ልክ ነበርክ።»

ሾፌሩ ዳቦውን አስቀመጠና አነበበ። ረጅም ጽሑፍ አይደለም፤ እሱ ግን ብዙ ቆየበት።

«አውቃለሁ» አለ። «ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነው ያለችው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ማን አለ ብዬ ጠይቄህ ነበር እኮ።»

«ምን ልበልህ? ምስክሬ ሞታለች ልበልህ?»

አንቀጽ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው የተሳፋሪ መቀመጫ ላይ ተቀመጠ።  «እሁድ ና» አለ። «ወንዙ ይመለሳል። እህቴ ነግራኛለች፤ ቃልዋን ያፈረሰችው ለእኔ ብላ ነው፤ አትቆጣት። ና ብቻ። አሁን ሕጉ ካንተ ጋር ነው።»

«አልመጣም።»

«ለምን?»

«አሁን ብቀዝፍ ወንዙ አይደለም የሚወስደኝ፤ አዝናችሁልኝ ነው የምትገፉኝ።» ሾፌሩ በፊት መስታወቱ ወደ ግቢው እያየ ነው የሚያወራው። «ያን ቀን ግን አምኜው ነበር። ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ነገር ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተባለ ነገር እንደተባለ ሲቆጠር አሥራ አንድ ዓመት አየሁ። አንዴ ብላት፣ አልኳት ማለት ነው ብዬ ነበር።»

«ምን ልትላት ነበር?» ጥያቄው አመለጠው።

ሾፌሩ የምሳ ዕቃውን ክዳን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። «የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ራሴን አመመኝ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም አለችኝ። ግንባሯን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ‹የታለ ትኩሳቱ?› አልኳት። ‹አመመኝ እኮ› አለች። ‹የታለ?› አልኳት ደግሜ። እያለቀሰች ሄደች። ትኩሳቱ ማታ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መለየት አቆመች።» መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «አምኜሻለሁ ልላት ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አሞሽ ነበር፣ አምኜሻለሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።»

መስታወት ከሚያጥቡት አንዱ ባልዲውን ደፍቶ ሄደ።  

«ሦስት ቀን ፈለግኩት» አለ አንቀጽ በመጨረሻ፣ ደብተሩን እያየ።

«ታገኘዋለህ፤ አንተ ፈልገህ የማታገኘው ነገር የለም» አለ ሾፌሩ፣ ሳይቆጣ። ከዚያ ዞሮ ፊቱን አየው። «እኔ ልጄን ይቅርታ ልላት ብዬ ጀልባ ለመንኩ። አንተ በእግርህ መጥተህ አጠገቤ ተቀምጠሃል፤ እኔም አልሞትኩም። ይኸው ገጹን ነገርከኝ፣ መስመሩን አሳየኸኝ፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን እስካሁን አላልከኝም።»

አንቀጽ ደብተሩን ከመሪው ላይ አነሳ፤ ዘጋው፤ መቀመጫው ላይ አኖረው። እጆቹ ባዶ ሲሆኑ የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ገባው።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለ።

«አድርጌልሃለሁ።»

ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ሾፌሩ ምሳ ዕቃውን ከደነ፣ አንቀጽ ወርዶ ደብተሩን በብብቱ አደረገ፣ አውቶቡሱ ከግቢው ወጣ። ዛሬም ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ሾፌሩ መነጽሩን የሚያሠራው ከእሱ ዘንድ ነው፣ ከልቡ ይቅር ብሎታልና። ጠረጴዛው ጋ ግን ተመልሶ አልተቀመጠም፤ አንቀጽም ና ብሎ አልጠየቀውም።